«አሪፍ ናት» ያሉኝ ሐኪም

ዶክተር በክሪ ማረፋቸውን የነገረኝ አብሬው እሠራ የነበረው ዑስማን ነው። ሸንዲ አጠገብ ካለ መንደር ደወለ። መስመሩ እየተቆራረጠ ከብዙ ወሬ መሃል ሞታቸውን ብቻ ለይቼ ሰማሁ።

«በምንድን ነው የሞቱት?» አልኩት።

«ወላሂ ማ ዓሪፍ» አለኝ። በአረብኛ፣ እውነቴን ነው አላውቅም ማለቱ ነው።

ከዚያ እሱ ቀድሞ ሳቀ፤ እኔም ተከተልኩት። ለመርዶ መሳቅ ነውር መሆኑን አላጣሁትም፤ ግን ለእኚህ ሰው ሞት ከዚህ የተሻለ መልስ አይገኝም። ያን ሁሉ ጦርነት አልፈው፣ ጥይቱም ረሃቡም ሳይነካቸው፣ የሚተኮስባቸውን ኬላዎች በእግራቸው ተሻግረው፣ ዘመድ ቤት በአልጋቸው ላይ ተኝተው ሳይነሱ ቀሩ። ዕድሜ ልካቸውን «አላውቅም» ሲሉ ኖረው፣ ሲሞቱ ደግሞ ሌላውን ሰው አላውቅም አሰኙት።

ስልኩን ስዘጋ ልጄን ትዕግሥትን አየኋት። ኦምዱርማን በተከራየናት ክፍል ደፍ ላይ ተቀምጣ፣ ግራ እጇን ጭኗ ላይ ጥላ፣ በቀኟ ሽንኩርት ትልጣለች። አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ዶክተር በክሪ ስለ እሷ አንድ ጥያቄዬን ይዘውብኝ ነበር። «አሥር ዓመት ሲሞላት ተመልሰሽ ጠይቂኝ» ብለውኛል። አሥር ሲሞላት ጦርነቱ መጣ። እኔ ወዲህ፣ እሳቸው ወዲያ ሆንን። ጥያቄዬን እንደያዙ ሄዱ።

ያወቅኋቸው በእህታቸው በኩል ነው። ካርቱም እንደመጣሁ አል-ጣኢፍ ሰፈር እህታቸው ቤት ተቀጥሬ ነበር። እመቤቲቱ ደግ ናት፤ ስወልድ ግን ሕፃን ያዘለች ሠራተኛ ቤቷ እንድትገባ አልፈለገችም። «ወንድሜ አይጥ ያረባል» አለችኝ፤ «የሚያጸዳለት ሰው አጥቷል። አይጦቹ ልጅ ቢያለቅስባቸው አይከፋቸውም።» አረብኛዬ ያኔ ገና ስለነበረ ሁለት ጊዜ አስደገምኳት። ሰው አይጥ ከቤቱ ያባርራል እንጂ ያረባል ብዬ አላስብም ነበር።

ሥራው አንድ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ጓሮ፣ ሁለት ክፍል ውስጥ ነው። ዑስማን አይጦቹን ይቀልባል፤ እኔ እጠርጋለሁ፣ አጥባለሁ። ዶክተር በክሪ ጠዋት ጠዋት ሆስፒታል ውስጥ የማደንዘዣ ሐኪም ናቸው፤ ከቀትር በኋላ እኛ ጋ ይመጣሉ። ለኦፕራሲዮን ሰው የሚያስተኙበት፣ በደም ሥር የሚሰጥ፣ ወተት የመሰለ መድኃኒት አለ። እዚያ ቤት ለበን ይሉታል፤ ወተት ማለት ነው። ሲወለድ አየር ያጠረው ሕፃን አንጎሉ ይጎዳል። የሳቸው ጥያቄ ይህ ነጭ መድኃኒት ያን አንጎል ያድነዋል ወይስ ጭራሽ ይጎዳዋል የሚል ነበር። በሰው ልጅ አይሞከርም፤ ስለዚህ በጨቅላ አይጦች ይሞክሩታል። ጨቅሎቹን አየሩ በሳሳ የመስተዋት ዕቃ ውስጥ ለጥቂት ጊዜ ያቆዩአቸዋል። ከዚያ ለግማሾቹ ነጩን ይሰጣሉ፣ ለግማሾቹ አይሰጡም። የጨቅላ አይጥ ደም ሥር የሚያገኝ መርፌ ስለሌለ በሆድ ነው የሚወጓቸው። ሲያድጉ ውሃ በሞላ ትልቅ ሳፋ ውስጥ ይለቋቸውና፣ ከውሃው ሥር የተደበቀውን መቆሚያ ድንጋይ የትኛው ቶሎ እንደሚያስታውስ ያያሉ። ድንጋዩ እንዳይታይ ውሃውን የሚያደፈርሱት በዱቄት ወተት ነው። ልጅ ያላት ሴት ያን ሁሉ ወተት በየሳምንቱ ፍሳሽ ላይ ስትደፋ የሚሰማትን አልነግራችሁም።

ዑስማን ይህን በእጁም በአፉም አድርጎ ሲያስረዳኝ ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ጀርባዬ ላይ ያለችው ልጅ ራሷ አየር ያጠራት ናትና። ትዕግሥትን የወለድኳት እዚያው ካርቱም፣ በምኖርበት በጀብራ፣ በሰፈር አዋላጅ እጅ ነው። ምጡ ረዘመ፤ ስትወጣ ሰማያዊ ነበረች፤ አላለቀሰችም። አዋላጇ ገለበጠቻት፣ መታቻት፣ አፏን አጸዳች። ቡና የሚፈላበትን ያህል ጊዜ ይሁን ወይም ያነሰ አላውቅም፤ ለእኔ ዓመት ነበር። ከዚያ እንደ ድመት አንድ ጊዜ አለች። ለማልቀስ እንኳ ስላልቸኮለች ትዕግሥት አልኳት።

በሥራው ሦስተኛ ሳምንት ድፍረት አገኘሁና ልጄን ፊታቸው አቀረብኳት። «ያ ዶክተር፣ ቢቲ ኩወይሳ?» አልኩ። ልጄ ደህና ናት ወይ ማለቴ ነው፤ ያን ጊዜ ከማውቀው አረብኛ ግማሹ ይኸው ነበር። በእጄም በአፌም አወላለዷን አስረዳሁ። ተቀበሉኝ። ጣታቸውን አስጨበጧት፣ እግሯን አጠፉ ዘረጉ፣ ከጆሮዋ ኋላ አጨበጨቡ። ብዙ ቆዩ። በመጨረሻ መለሱልኝና፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ፣ «ወላሂ ማ ዓሪፍ» አሉኝ።

ወላሂ መሐላ መሆኑን አውቃለሁ። ቀሪውን በገዛ ቋንቋዬ ሰማሁት። አሪፍ! ትልቅ ሐኪም በፈጣሪ ስም ምሎ ልጄ አሪፍ ናት አለኝ። እጃቸውን ልስም ስል ደንግጠው ወደ ኋላ ሸሹ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ተኛሁ። ከወለድኩ ወዲህ በየሰዓቱ እየተነሳሁ አፍንጫዋ ሥር ጣቴን አድርጌ ትንፋሿን እሞክር ነበር፤ ያን ተውኩ። ሰውየውም ይገርሙኝ ጀመር። ተማሪ ወረቀት ይዞ ይገባል፣ ይጠይቃቸዋል፤ አሪፍ ይሉታል፤ ተማሪው አኩርፎ ይወጣል። እያመሰገኑት ምን ያስኮርፈዋል እያልኩ እታዘባለሁ። አለቃቸው ይመጣል፤ ምርምሩ መቼ ያልቃል ይላል መሰለኝ፤ አሪፍ ይሉታል፤ በሩን ወርውሮት ይሄዳል። እንዲህ ያለ ደግ አንደበት ይዘው ወዳጅ ማጣታቸው ያሳዝነኝ ነበር።

ሰባት ወር እንዲህ ኖርኩ። ያስነቃችኝ እትዬ ሙሉ ናት። እትዬ ሙሉ ጀብራ መንገድ ዳር ሻይ የምትሸጥ፣ ካርቱም ሃያ ዓመት የኖረች፣ የማታውቀው ነገር የሌለ ጎረቤቴ ናት። ትዕግሥት በወራቷ ሳትቀመጥ ዘገየች።

«ይህችን ልጅ ለዶክተሩ አላሳየሽም?» አለችኝ።

«አሳይቻለሁ። አሪፍ ናት አሉኝ።»

«በምን ቋንቋ?»

«በአረብኛ ነዋ።»

«አረብ ደግሞ መቼ አሪፍ ይላል? ያሉሽን እንዳሉሽ በይው።»

«ወላሂ ማ ዓሪፍ።»

ብርጭቆውን አስቀመጠች። «አንቺ ልጅ፣ ማ ዓሪፍ ማለት ምን ማለት ነው?»

«እንጃ» አልኩ።

«መለስሽው። እንጃ ማለት ነው።»

ሻይ ሊጠጡ የተቀመጡት አማርኛ ሰሚዎች ሁሉ ሳቁ። እኔ ግን ሰባት ወር ሙሉ የተኛሁትን እንቅልፍ በአንድ ጊዜ ሲነጥቁኝ ተሰማኝ።

በማግስቱ ዶክተሩ ገና ከመግባታቸው ፊታቸው ቆምኩ። በተቆራረጠ አረብኛዬ ነገርኳቸው፤ ዑስማን መሬት እየመታ ይስቃል። እሳቸው አልሳቁም። መነጽራቸውን አወለቁና፣ «ሰባቱን ወር ተኝተሻል?» አሉኝ።

«ተኝቻለሁ።»

«እኔን እንዲህ አሳስቶ የሚያስተኛኝ አላገኘሁም» አሉ። «አሁንስ ትተኛለሽ?»

«ማ ዓሪፍ» አልኩ በንዴት።

«እሱ ለወንድ ነው። ሴት ስትሆኚ ማ ዓርፋ ነው የምትይው።»

እንግዲህ ከሐኪም የጠበቅሁት ሌላ ነበር፤ ያገኘሁት የሰዋስው ትምህርት ነው።

ተማሪዎቹ ከኋላቸው ዶክተር ማ ዓሪፍ እንደሚሏቸው ያኔ ነው የሰማሁት። እሳቸውም ያውቃሉ። ኪሳቸው ውስጥ ሲብሓ፣ የሙስሊም መቁጠሪያ፣ አይለያቸውም። በመድኃኒት የደነዘዘ ጨቅላ አይጥ በአንድ መዳፋቸው አስተኝተው፣ በሌላው እጃቸው ዶቃውን ያንከባልላሉ። መጀመሪያ ያየሁ ቀን ለአይጥ የሚጸልይ ሰው አጋጠመኝ ብዬ አማትቤ ነበር። ለካ ትንፋሽ ነው የሚቆጥሩት። አንድ ትንፋሽ፣ አንድ ዶቃ። የግቢው ዘበኞች ለጸሎት የተጉ ሰው ናቸው እያሉ ያከብሯቸዋል፤ ከዚያ ግቢ ያገኙት ክብር ይኸው ብቻ ነበር።

አንድ ጊዜ ጋዜጠኛ መጣ። ነጩ መድኃኒት ሕፃናትን ያድናል ወይ አላቸው። ማ ዓሪፍ። ተስፋ አለ ማለት ነው? ማ ዓሪፍ። ተስፋ የለም ብዬ ልጻፍ? እሱንም ማ ዓሪፍ። ልጁ ላብ በላብ ሆኖ ወጣ። ጋዜጣው ሲወጣ ከፎቶግራፋቸው በላይ በትልቁ መድኃኒቱን እንዳገኙት ተጽፏል። ዑስማን አነበበልን። ዶክተሩ እስከ መጨረሻው ሰምተው፣ ጋዜጣውን በደንብ አጣጥፈው፣ «ለአይጦቹ አንጥፍላቸው፤ ላብ ይመጥጣል» አሉት።

ከውጭ አገርም ሣጥን መጣልን፤ የእርዳታ ዕቃ ነው። ስንከፍተው የአይጥ ማሞቂያ ምንጣፍ ሆኖ ተገኘ። ለካርቱም ማሞቂያ። የላኩት ሰዎች ጨቅላ አይጥ እንዳይበርደው መመሪያ አላቸው፤ እኛ ዘንድ ግን ችግሩ መብራት ሲጠፋ ሙከይፉ፣ ማለት በውሃ የሚሠራው አየር ማቀዝቀዣ፣ ይቆምና ክፍሉ ምድጃ መሆኑ ነው። ዶክተሩ ግን ምንጣፉን በክብር መደርደሪያ ላይ አስቀመጡት። «እነሱም እኛን አያውቁም» አሉ፤ «ወንድሞቻችን ናቸው ማለት ነው።»

ትዕግሥት እዚያ ክፍል ውስጥ አደገች። ዘግይታ ተቀመጠች፣ ዘግይታ ሄደች፤ ግራ እጇ ከቀኟ ይሰንፋል። ሌላው ደህና ይመስላል። እኔ ግን በመምሰል አላርፍም። ሳፋው ውስጥ የሚዋኙትን አይጦች ባየሁ ቁጥር፣ ድንጋዩን ያጣችዋ አይጥ ስትዞር ስትዞር፣ ልጄን የማያት ይመስለኛል።

አራት ዓመት ሲሞላት ስታለቅስ በብሽሽቷ በኩል እንደ እንቁላል የሚያብጥ ነገር ወጣ። አንጀቷ በቀዳዳ እየወጣ ነው፤ በኦፕራሲዮን ይሰፋል ተባልኩ። ኦፕራሲዮን ማለት ማደንዘዣ ነው። ማደንዘዣ ማለት ያ ነጩ ነው። አንድ ጊዜ አየር ያጠረው አንጎል ላይ ያን ወተት ማፍሰስ ምን እንደሚያደርግ ከካርቱም ሴቶች ሁሉ ለይቶ የሚያስፈራው እኔን ነበር፤ ሌሎቹ እናቶች አይጥ አላጠቡም።

እንዳጋጣሚ ያን ሰሞን ዶክተሩ የትልቁን ሙከራ ውጤት እየሰበሰቡ ነበር። አንድ ቀትር ጠሩኝ።

«ያ ኡም ትግስት፣ ተቀመጪ።» የትዕግሥት እናት ማለታቸው ነው፤ ሁሌም እንዲህ ነው የሚጠሩኝ። ደብተራቸው ክፍት ነው። ነጩን የወሰዱት አይጦች ድንጋዩን ካልወሰዱት ቀድመው እያገኙት ነው፤ ደጋግመው አይተውታል። «ስለ ልጅሽ ጠይቀሽኝ ነበር» አሉ። «ዓሪፍ።»

ከፊቱ «ማ» ይኖር እንደሆነ ጠበቅሁ። የለም። አውቃለሁ አሉኝ። በአራት ዓመት ውስጥ ይህን ቃል ለብቻው ከአፋቸው ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ፊታቸው ልጅ መስሏል። ዑስማን ሳፋውን እንደ ከበሮ መታ። እኔም ተነስቼ ሥራዬን ያዝኩ፤ ካልሠራሁ አለቅሳለሁ።

የያዝኩት ሥራ ግን ጉድ አመጣ። አንሶላ ነበር የምጨምቀው። መብራት በጠፋ ቁጥር ፀሐይ የምትመታው በመስኮቱ በኩል ያለውን የአይጦቹን ጎጆዎች መደዳ ነው። ጨቅሎቹ አፋቸውን ከፍተው ሲያለከልኩ ማየት አልችልም፤ ስለዚህ ክረምት ከበጋ፣ ለማንም ሳልናገር፣ እርጥብ አንሶላ እጥልባቸዋለሁ። ለልጄ የማደርገውን ነው ያደረግኩት። እጄ አንሶላው ላይ ቆመ። በመስኮቱ በኩል ያሉት ጎጆዎች ነጭ ምልክት ያለባቸው ናቸው። ነጭ ምልክት ማለት ነጩን የወሰዱ ማለት ነው።

ምን እንደማደርግ ግራ ገባኝ። ዝም ብል ማንም አያውቅም። እሳቸው ደስ ብሏቸዋል፣ ዑስማን ደስ ብሎታል፣ እኔ እንጀራዬን አላጣም፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አራት ዓመት የለመንኩት «አውቃለሁ» እጄ ገብቷል። ግን ትዕግሥት ኦፕራሲዮን ክፍል ስትተኛ እርጥብ አንሶላ የሚጥልባት የለም። አይጦቹን ያዳናቸው አንሶላው ከሆነ፣ ልጄን የምሰጠው ለባዶ ወተት ነው።

ተመልሼ ገባሁ። «ያ ዶክተር፣ እርጥብ አንሶላ ነገሩ ውስጥ ይገባል?»

«የምን አንሶላ?»

ነገርኳቸው። የትኛው መደዳ፣ ከመቼ ጀምሮ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር ነው ወይስ አንዳንዴ፣ ለምን ያህል ጊዜ፤ አንድ በአንድ ጠየቁኝ። ሲብሓው እጃቸው ላይ ቆሟል። ስጨርስ ብዕራቸውን ከደኑ።

«ምነው ምላስሽን በቆረጠው!» አለ ዑስማን። «ያን ሁሉ ሳፋ ለአንቺ አንሶላ ነው ያጠብነው?»

«ተዋት» አሉ ዶክተሩ። «ጎጆዎቹን ቦታ ሳላቀያይር የተውኩ እኔ ነኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነው።» ከዚያ ፈገግ አሉ። «በዚህ ጉዳይ እርግጠኛ የሆንንበት አንድ ነገር ቢኖር፣ አየር ላጠረው ጨቅላ ቅዝቃዜ እንደሚረዳ ነው። እኔ የማይታወቀውን ስፈልግ እሷ በመጥረጊያ እጇ የሚታወቀውን አገኘችው።» ወዲያው ጣታቸውን ቀሰሩብኝ። «ጀብራ ሄደሽ ሕፃን ላይ እርጥብ ጨርቅ ጣሉ ብለሽ እንዳትናገሪ። ሆስፒታል ውስጥ በልክ፣ በመሣሪያ ነው የሚደረገው። ያቺ ሻይ ሻጭ ጎረቤትሽ በተለይ እንዳትሰማ።»

ከዚያ ደብተሩን ገልጠው ጻፉ፤ ምን እንደጻፉ ለዑስማን አስነበቡት። ኡም ትግስት፣ የመስኮቱ መደዳ፣ እርጥብ አንሶላ፣ ሙከራው ይደገማል።

«ልጄስ?» አልኩ።

«ማ ዓሪፍ።»

«ቅድም ያውቁ ነበር።»

«ቅድም አንሶላሽን አላውቅም ነበር።»

ወንበራቸውን ሰጡኝና እሳቸው ሳፋው ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። «ስሚኝ» አሉ። «ነጩ ይጥቀማት ይጉዳት ማ ዓሪፍ። ሌሎቹንም ማደንዘዣዎች ማ ዓሪፍ። ካልተሰፋች ግን አንድ ቀን አንጀቷ እዚያ ቀዳዳ ውስጥ ይታነቃል፤ ያኔ ለሁላችንም ጊዜ አይኖርም። ይህን ዓሪፍ። እኔ እንዳስተኛት ከፈቀድሽ ዓይኔን አልነቅልባትም።»

እትዬ ሙሉ ስትሰማ አበደች። እሷ የምታውቀው የግል ክሊኒክ አለ፤ እዚያ ያለው ሐኪም መቶ በመቶ ብሎ ነው የሚናገረው። «የሚያውቅ እያለ የማያውቅ ትመርጫለሽ?» አለችኝ። «አንቺስ አይጥ ስታጥቢ ኖረሽ አይጥ ሆነሻል።»

ሄጄ አየሁት። መቶ በመቶ ያለው ሐኪም ይህን ሲለኝ ስልኩን እያየ ነበር። ልጅቷን አላየም። ሲያውቅ ለምን ያያታል? ዶክተር በክሪ ግን ስለማያውቁ ማየት ግድ ነው። ተመልሼ ለዶክተር በክሪ እሺ አልኩ። አራተኛ ክፍል ላይ ያቆመ ትምህርቴ የደረሰበት ትልቁ ሐሳብ ይህ ነው።

የኦፕራሲዮኑ ቀን እስክትተኛ ድረስ አብሬያት እንድገባ አደረጉ። ነጩ በቱቦው ውስጥ ሲወርድ አየሁት፤ እውነትም ወተት ነው። ዓይኗ እያየኝ ተከደነ። ከዚያ አስወጡኝ። በሩ ላይ መጽሐፍ የምታክል መስተዋት አለች። በእሷ በኩል የሚታየኝ የዶክተሩ ጀርባና ሲብሓውን የያዘው እጃቸው ነው። ዶቃው ይሄዳል። አንድ ትንፋሽ፣ አንድ ዶቃ። ውስጥ ያለው ያ ሁሉ መሣሪያ ለእኔ ባዶ ነበር፤ ያቺን አውራ ጣት ብቻ አየሁ። እስከ ዛሬ እንዲህ አተኩሬ ያየሁት ሥዕል፣ የማርያምንም ቢሆን፣ የለም።

በመሃል እጃቸው ቆመ።

አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ትንፋሽ ቆጠርኩ፣ የራሴን። በሩን ልገፋ መዳፌን አሳረፍኩ። ዶክተሩ እጃቸውን አነሱ፣ አፍንጫቸውን አከኩ፣ መልሰው ዶቃቸውን ያዙ። ይቅር ያልኳቸው ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው።

ስትነቃ አጠገቧ ነበርኩ። ዶክተሩ ጎንበስ አሉና፣ «ኢስሚክ ሚኑ?» አሏት፤ ስምሽ ማን ነው።

ዓይኗን ገለጠች። አየቻቸው። «ማ ዓርፋ» አለች።

ስሟን ረሳች፤ ነጩ አጠባት፤ በገዛ እጄ ሰጠኋት። ልጮህ አፌን ስከፍት ዶክተር በክሪ ሳቁ። እዚያ ቤት በሠራሁበት ዘመን ሁሉ ሲስቁ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ መነጽራቸው እየወረደ። ልጅቷ ከጡት ሳትወጣ ጀምሮ ሲናገሩት የሰማችው ቃል ነው፤ ለሳቸው ጥያቄ ይህ መልስ መሆኑን አውቃ ነው። በዚያም ላይ በሴት አድርጋ፣ አልተሳሳተችም።

ወዲያው ወደ እኔ ዞራ፣ «እማ፣ ውሃ» አለች።

«እና እንግዲህ?» አልኳቸው። «ደህና ናት? አልተጎዳችም?»

ስቀው ስላበቁ ተመልሰው ዶክተር ማ ዓሪፍ ሆኑ። «ዛሬ ደህና ናት። አንጎል ግን ሲያድግ ነው የሚታወቀው። አሥር ዓመት ሲሞላት ተመልሰሽ ጠይቂኝ።» ደብተራቸውን አውጥተው ይህንንም ጻፉ።

ከመርዶው ሦስት ቀን በኋላ ዑስማን መልሶ ደወለ። መስመሩ ያን ቀን ጥርት ብሏል። ዶክተሩ ከካርቱም ሲወጡ ልብሳቸውን ትተው ያን ደብተር ይዘው ነበር፤ ቤተሰቡ ምን እንደሆነ ስላላወቁ ለዑስማን ሰጥተውታል።

«አንቺ አለሽበት» አለኝ። «አንሶላሽም አለ። ደግሞ አንድ ገጽ ላይ፣ ትግስት፣ አሥር ዓመት ሲሞላት፣ ይልና ከሥሩ ባዶ ነው። ለመልሱ ነው የተውት። ምን ልጻፍበት?»

ትዕግሥትን አየኋት። ማባዛት አይገባትም። ትምህርት ቤቱ ሁለት ዓመት ስለተዘጋ ይሁን፣ ስትወለድ ስላላለቀሰች ይሁን፣ በነጩ ይሁን፣ ማን ይለየዋል? አስተማሪዋ ሰነፍ ናት ይላል። እትዬ ሙሉ ዓይን ነው ትላለች። ሁሉም ያውቃል። በሌላ በኩል ደግሞ፣ ከጀብራ ስንሸሽ እኔ ግራና ቀኜን ሳጣ፣ አንድ ጊዜ ብቻ ያለፈችበትን የውስጥ ለውስጥ መንገድ አስታውሳ እጄን ይዛ ያወጣችኝ እሷ ናት። ድንጋዩን አገኘችው።

«ሃሎ?» አለ ዑስማን። «ምን ልበል?»

«ማ ዓርፋ ብለህ ጻፍ» አልኩት። «በሴት ይሁን። እናቷ ናት ያለችው።»

የብዕር ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ።

ትዕግሥት ቢላዋዋን አስቀምጣ ቀና አለች። «እማ፣ ምኑን ነው የማታውቂው? ስለ እኔ ነው እንዴ የምታወሩት?»

«አዎ» አልኳት። «አሪፍ ናት አልኩት።»